ፀጉር ቤት የገባው በጀት

ወንድምዓለም፣ ይህች ወረቀት ካለህበት የጦር ካምፕ ድረስ መጥታ በጤና ታግኝህ። እኛ ከስንፍና በቀር የሚያመን የለም።

ማክሰኞ አንዲት አስተያየት ሰብሳቢ የአባዬ ፀጉር ቤት ገብታ፣ «ለሠራዊቱ በጀት ይጨመር ወይስ ያለው ይብቃ?» ብላ ጠየቀች። ተራ ጠባቂዎቹ ለሁለት ተከፍለው ቤቱን ቀወጡት። ክርክር ሲነሳ የሰው ፂም ግማሽ ላይ የሚተወው አባዬ ግን ቀና ሳይል መላጨቱን ቀጠለ። እሱን ስትጠይቀው፣ «የወታደሩ ጫማና ብርድ ልብስም እዚያ ውስጥ አለበት?» አላት።

«ዝርዝሩ እኔ ጋ የለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አላውቅም አለ ብለሽ ጻፊ።»

ሌላው ሰላም ነው። ደብዳቤህን የሚያመጣው ፖስተኛ ብቅ ሲል አባዬ ያለተራው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። በምንም የማይስማሙት ደንበኞቹም አንድ ቀን እንኳ አጉረምርመው አያውቁም።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች፤ እኔም ተራ ይዣለሁ።

እህትህ