መምህር ሐብተ ማርያም ቢያርፉም የቃል ፈተናው አይቀርም

ከጎንደር ፒያሳ የአንባቢዎች ማኅበር ለአባላቱ፣ ለፀዳ እርሻ ኮሌጅ ተማሪዎችና ለከተማው ሕዝብ የወጣ የሐዘን መግለጫ

ግንቦት 1959 ዓ.ም.

የፀዳ እርሻ ኮሌጅ የከብት ርባታ አስተማሪ፣ የማኅበራችን መሥራችና አባት መምህር ሐብተ ማርያም ባለፈው እሑድ አርፈዋል። ማኅበራችን በጣም አዝኗል። ተናዷልም፤ ምክንያቱን ከታች እንናገራለን፣ ማንንም አንፈራም።

መምህር የካህን ልጅ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውዳሴውንም ዜማውንም በጆሯቸው ተቀብለው በቃላቸው ያዙ። ዘመናዊውን ትምህርት የጨረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ከጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ የመጣ ቢያዝን የሚባል ተማሪ አገኙ። ሸጋ ልጅ ነው፤ የነገሩትን አይረሳም። ወረቀት ሲሰጡት ግን ፊደሉ ይተራመስበታል፣ መስመሩ ይጠፋበታል። ጓደኞቹ «ድንጋዩ» ይሉት ነበር። መምህር «ምነው? እኔስ በጆሮዬ አይደል የተማርሁ!» ብለው በቃል እንዲፈተን ጠየቁ። የፈተና ክፍሉ ኃላፊ «ማንበብ የሚያቅተው ኮሌጅ ምን ይሠራል?» አሉ። መምህርም «የታመመች ላም የሚያድናት እንጂ የሚያነብላት አትፈልግ» አሏቸው።

በዚያው ዓመት ለቢያዝን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ወደ ፒያሳ ወጡ። የተገኘነው እኛ ነን፤ ልብስ ሰፊው፣ የማኪና ረዳቱ፣ ሱቅ ጠባቂው። አብዛኞቻችን አራተኛ ክፍልን አላለፍንም፤ ቢሆንም ፊደል አይበግረንም። መምህር በአማርኛ የጻፉትን ትምህርት፣ የማናውቀውንም ቃል ሳንፈራ እናነባለን፤ ትርጉሙን ተማሪዎቹ ይነግሩናል። ዛሬ ስለ ላም ጡት ማበጥ ከኛ ጋር እከራከራለሁ የሚል ካለ ይምጣ።

በ1955 ዓ.ም. በስንት ልመና የተፈቀደው የመጀመሪያው የቃል ፈተና ተበላሸብን፤ አንደብቅም። ቢያዝን ስለ ጡት ማበጥ ተጠየቀ። እሱም ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ከርእሱ ጀምሮ እየተወዛወዘ የዓመቱን ትምህርት በሙሉ አወረደው። ኃላፊው «ቅዳሴ ነው እንዴ?» ብለው ዜሮ ሰጡት። መምህር አልተቆጡም። «መያዝ አስተማርነው፣ መምረጥ አላስተማርነውም። ከዛሬ ጀምሮ መሐል ላይ አቋርጡት፣ ጠይቁት» አሉን። ሰው በማቋረጥ ደግሞ ከፒያሳ ልጅ ጋር ማን ይስተካከላል!

በ1956 ዓ.ም. ቢያዝን እንደገና ተፈተነ፣ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ፣ አለፈ። አሁን የጭልጋ ገበሬ ከብቱ ሲታመም የሚጠራው እሱን ነው። እንደሱ ያሉ ሌሎችም ተከትለውት ወጥተዋል።

የተናደድንበት ይኸውና። መምህር በተቀበሩ ማግስት፣ ሠልስታቸው እንኳ ሳይወጣ፣ የፈተና ክፍሉ «ከዘንድሮ ጀምሮ ፈተና በጽሑፍ ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። መምህር በሕይወት ሳሉ ይህን ለመለጠፍ ማንም አልደፈረም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዋ እናኑ እንደ ቢያዝን ናት፤ ትምህርቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፣ ፊደሉ ግን ይተራመስባታል። ማስታወቂያው ከጸና ሰኔ ላይ ያለ ዲፕሎማ ወደ አባቷ ማሳ ትመለሳለች።

የመምህር ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ልቅሶ ቤት ውስጥ «እኔን ላጽናና የሚል ሁሉ መጀመሪያ ሄዶ ለልጅቱ ያንብብላት» ብለውናል። ሊቀመንበራችን አያ አድማሴም እንባቸውን ጠርገው «ተነሡ» አሉን። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በየተራ ለእናኑ እናነባለን። በፈተናዋ ዕለት ሱቃችንን ዘግተን፣ ማኪናውን አቁመን፣ አጅበናት ኮሌጁ በር ድረስ እንሄዳለን። በቃል ሳትፈተን ከዚያ በር የሚመለስ የማኅበራችን አባል የለም።

ለወይዘሮ ወለላና ለልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ላስተማሩት ሁሉ፣ ፊደል ለሚተራመስባቸው ተማሪዎቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። የመምህርን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

ለፈተና ክፍሉ ኃላፊ እኛ የምንለው የለንም። እናኑ በአፏ ትነግራቸዋለች።

የጎንደር ፒያሳ የአንባቢዎች ማኅበር