የተሰረዘው ፊት

ሰኞ

ዛሬም ጉንጩ እምቢ አለ። በእስክሪብቶ ጥላ ላውጣ ብዬ መስመር በመስመር ላይ ስደራርብ አባቴን ጢማም አደረግኩት። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ጢም አሳድጎ አያውቅም። የሚያስተምሩኝ ጋሼ ዲሪባ፣ ጡረታ የወጡት የሥዕል መምህር፣ አይተው ሳቁብኝ። «ድርና ማግ አድርጊው። መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ አቋርጠሽ። ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። በአርባ ዓመቴ ቀስ ማለቱን ከየት ላምጣው!

ማክሰኞ

ለምን እንደምለፋ እዚህ ልጻፈው፤ ለሰው አልናገረውም። አባቴ ጥሎን ሄዶ ቡሬ ሌላ ትዳር የያዘ ጊዜ እማዬ ያለንን አንድ የሰርግ ፎቶ አውጥታ ፊቱን በምስማር ጫረችው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ባለፈው ወር እዚያው ቡሬ ሞተ። እዚያ የወለዳቸው ልጆቹ ፎቶ አላቸው። ደጃቸው ቆሜ ከምለምን እጄ ይቆረጥ! ደግሞ በነሱ ፎቶ ላይ ያለው ያረጀው፣ የነሱ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው የኛ የነበረውን ወጣቱን ነው፣ እሱም ከዓይኔ እየጠፋ ነው።

ሐሙስ

ዝናብ። መብራት የለም። ግንባር፦ ወጣልኝ! አፍንጫ፦ ከመስታወት የገለበጥኩት የራሴው። ከንፈር፦ የማላውቀው ሰው።

ጋሼ ዲሪባ «አጠገቡ ሆነሽ አትፍረጂ፣ በሩ ጋ ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ። መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ እሱ ቁጭ አለ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ ጥሎኝ ለሄደ ሰው ምን ያስለቅሰኛል?

ዓርብ

እማዬ አገኘችው። ፍራሽ ሥር ደብቄው ነበር፣ አንሶላ ስትቀይር አወጣችው። ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ቤቱን በእሪታ ታቀልጠዋለች ስል፣ «ሰረዝሽው! እሰይ የኔ ልጅ፣ ደግ አደረግሽ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ስንት ቀን የለፋሁበት ጥላ የንዴት ጭረት መሰላት። ምን ይፈረድባታል፤ ምስማሩን ስትይዝ እሷም እንዲሁ ነበር ያደረገችው፣ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ አቋርጣ። «ጥላ ነው» ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ፈሪ! ጭራሽ «ግድግዳው ላይ ስቀዪው፣ ሰው ይየው» አለች። ሰቀልኩት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀድሜያት ገባሁ። እማዬ በሩ ላይ ስትደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይታ ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ይሄ ሰውዬ» አለች፣ «ሰርዘሽውም አልጠፋም እኮ።»

አውርጂው አላለችም። እኔም ግቢ አላልኳት።

ምሳ ላይ ከትሪው ቀና ሳትል፣ «ከንፈሩ ግን እንዲህ አልነበረም። የታችኛው ወፈር ይላል» አለች።

እጄን ሳልታጠብ ተነስቼ እስክሪብቶዬን ፈለግኩ።