ሳቂታው ፎቶዬ

ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ጓዳውንም ለምጄዋለሁ።

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች። «አባባ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ትለኛለች። «በየትኛው ጥርሴ?» እላትና እስቃለሁ። አንቺም ቀይ ልብ እንደምትልኪ አሳይታኛለች፤ ተባረኪ።

ድሮ እሁድ እሁድ እየደወልሽ ጉልበቴን ትጠይቂኝ ነበር። ፎቶው ላይ ተቀምጬ ስለምታዪኝ የዳነ መስሎሽ ይሆናል። ባለፈው፣ ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ደውሎ ሞከረውና «ምንም አልሆነም፣ አባባ» አለኝ።

«እስቲ ድገመው» አልኩት።

ለፀጉር ሠሪዋ ከእንግዲህ ፎቶ አልነሳም ብያታለሁ። ደህና መሆኔን ማወቅ የፈለገ አፍ አለው፣ ይጠይቅ።

በይ፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ እንደሆንኩ ከቤት አልርቅም።

አባትሽ