ከእኛ በቀር ማንም ያላየው ዌብሳይት

ጥቅምት 12

ጠዋት በረንዳውን በውኃ አጠብኩት። አራቱንም ክፍል አነጠፍኩ፣ አንሶላውን እንደ ከበሮ ወጥሬ። ከዚያ በሩ ላይ ቆምኩ። ባጃጅ ያልፋል፣ ባጃጅ ይመለሳል። ሰፈራችን ከዚራ ዛፎቿ ሥር እንቅልፏን ትለጥጣለች። እንግዳ የሚባል ግን… የለም።

ከሸሪኬ ከቱሪያ ጋር የአባቴን ቤት ማረፊያ ያደረግነው ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር እኮ! «ነፋሻው በረንዳ» ብለን ስም አወጣንለት። ዌብሳይትም ተሠራለት። ባለፈው ሳምንት ሰው ጠርተን አስመረቅነው። የቱሪያ አጎት ዱዓ አደረጉ፣ የእኔ የነፍስ አባት ባረኩ፣ ቱሪያ ስልኳን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ «ተከፈተ!» ስትል እልልታው እስከ ለገሃር ተሰማ።

እልልታውን ከእኛ ሌላ የሰማ አለ? ዌብሳይቱን የሠራልን ኢልዋድ በቀን ስንት ሰው እንዳየን የሚቆጥር ነገር ስልኬ ላይ አድርጎልኛል። ትናንት ሦስት ሰው። አንዷ እኔ፣ አንዷ ቱሪያ። ሦስተኛው ማን ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስፈነድቅ ዋልኩ። ለካ እኔው ነኝ፣ በሁለተኛው ስልኬ!

ጥቅምት 14

ወንድሜ ሣህሉ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ነገሩ።

«ሞላልሽ?»

«ገና ነው። ዌብሳይቱ…»

«እፀገነት፣ ስሚኝ። በታኅሣሥ፣ በቁልቢ ንግሥ፣ ድሬዳዋ ላይ ሰው ማደሪያ አጥቶ መኪና ውስጥ ያድራል። በቁልቢ ያልሞላ ቤት መቼም አይሞላም። አንድ ሲሚንቶ አከፋፋይ ለመጋዘን ይፈልገዋል። ከቁልቢ ማግስት ውል እፈርማለሁ።»

ቤቱ የሁለታችንም ነው፤ እንቢ ብል ክርክር፣ እሺ ብል ሲሚንቶ። አባባ ከባቡር ሥራ ሲመለስ ጫማውን የሚያወልቅበት ክፍል ውስጥ ከረጢት ሊደረደር! እኔስ? ከኋላ ካለችው ሰርቪስ ቤት ሆኜ የሲሚንቶ ብናኝ ልቃም? የት እንደምገባ እንኳ አልጠየቀኝም።

ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ባልዘጋሁት ብዬ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፣ ያልነገርኩት ብዙ ነበር።

ጥቅምት 17

ሳቢያን ሰፈር ሄድኩ፣ ኢልዋድ ማተሚያ ቤት። ዋና ሥራው ባነር ማተም ነው። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የሱቅ መክፈቻ… ግድግዳው ሁሉ ፈገግ ያሉ ሙሽሮች።

«እናቴ፣ አብሽሪ» አለኝ። (ድሬ ላይ ማን አንቱ ይባላል!) «ጉግል አዲስ ነገር ወዲያው አያምንም። ጊዜ ስጪው።»

«ስንት ጊዜ?»

«ስድስት ወር ምናምን።»

«ስድስት ወር! ቁልቢ ሁለት ወር ነው የቀረው!»

«ወላሂ ግን ዲዛይኑን እዪው። እንዲህ ያለ አዲስ አበባም የለም!»

አየሁት። እውነቱን ነው፣ ያምራል። በወርቅማ ፊደል «ቅንጡ የመስተንግዶ ልህቀት» ይላል። ሳነበው አሁንም ደረቴ ይነፋል። ግን ለማን ነው የሚያምረው?

ጥቅምት 20

የዛሬ ጎብኚ፦ አንድ። እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ራሴን አልቆጥርም።

ጥቅምት 26

ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ «ዌብሳይታችንን እዩ» ብዬ ሊንኩን ላክሁ። ሁሉም አንድ ቃል፦ «ይከፈታል እኮ! ቆንጆ ነው!» ይከፈታል… በር ድረስ እጁን ይዤ ላመጣሁት ሰው መከፈቱ ምን ይገርማል? እኔ የፈለግኩት መንገድ ላይ ያለውን፣ የማያውቀኝን ነው።

ከሰዓት ባለባጃጁ በድሩ አንዲት እንግዳ አመጣልኝ። ሃሊሞ ትባላለች፣ ከጅግጅጋ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ በድሩን ባታገኚ ስልክሽ ላይ ምን ብለሽ ትፈልጊ ነበር?»

«አልጋ ድሬዳዋ። ሌላ ምን ይባላል?»

«ማረፊያ… የእንግዳ ቤት… አትዪም?»

«አቦ! ደክሞኝ ነው የምመጣው። አልጋ ነው የምፈልገው!»

በድሩ ሳቀ። አልሳቅኩም። አልጋ! በሩ ላይ ቀይ አምፖል እንደሚሰቅሉት? ኢልዋድን ገና ሲጀምር «ይቺ ቃል አባቴ ቤት እንዳትገባ» ብዬው ነበር፤ ደግ አደረግኩ።

ብቻ ሃሊሞ ተኝታ ሳለ እንዳለችው አድርጌ ጻፍኩ። መዓት ቤት መጣ። ግማሹን አውቀዋለሁ፣ ትኋን ያለበት ሁሉ አለ። እኛ ግን… ጣቴ እስኪዝል ወደ ታች ወረድኩ። የለንም። ትኋን ታየ፣ እኛ አልታየንም!

ኅዳር 3

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆነ።

ሳቢሪን የምትባል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ አስተዳደር የምትሠራ፣ ለሚመጡባቸው አሠልጣኞች ክፍል ልታይ መጣች። ክፍሉን ወደደችው። እየወጣች ሳለ፦

«ቤታችሁን በስልክ ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ፋርማሲ ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

«አዲስ ስለሆንን ነው አሉ። ጉግል አላመነንም አሉ።»

ሳቀች። ስልኬን ተቀበለችኝ። መፈለጊያው ላይ «site» ብላ ሁለት ነጥብ አደረገች፣ ከዚያ የእኛን አድራሻ አስከተለች። እንዲህ ሲባል የዚያ ዌብሳይት ገጽ ብቻ ነው የሚመጣው አለች። ጠበቅን። ባዶ።

«ይኸውልሽ። ኋላ ላይ የተሰለፈ ሰው ቢያንስ ሰልፉ ውስጥ ይታያል። እናንተ ሰልፉ ውስጥም የላችሁም። ወር ሊሞላችሁ ነው፣ አንድ ገጽ እንኳ መውጣት ነበረበት። ጉግልን በር ላይ ያስቆመው ነገር አለ።»

ማን ያስቆመዋል? ማን ነው የዘጋብኝ? ደሜ ፈላ። ሣህሉ ይሆን ብዬም አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ… እሱ ኢሜይል መክፈት እንኳ አይችልም።

ኅዳር 4

ቱሪያን ከሱቋ አስነሥቼ፣ ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ፣ ሳቢያን። ኢልዋድ ገና ሲያየን ሳምቡሳውን አስቀመጠ።

«ክፈተው» አልኩት። «ከውስጥ። የሚዘጋና የሚከፈተውን ሁሉ አሳየኝ።»

ከፈተ። ወረደ፣ ወረደ… ቀጥ አለ። አንድ ትንሽ ሳጥን ውስጥ የራይት ምልክት። አጠገቧ፣ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ገጽ እንዳያወጡ ይላል። ምልክቷን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ቱሪያን አየ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያላችሁኝ?»

«ምን አልንህ?!»

«እስከ ምርቃቱ ማንም እንዳያየው! ቱሪያ አስምላኛለች እኮ!»

ዞር ብዬ አየኋት። ሻሿን ታስተካክላለች።

«የሰው ዓይን ሐቅ ነው፣ እፅዬ! ያላለቀ ነገር ለሰው አይታይም። ሙሽራ ሳትዘጋጅ ትወጣለች? አንቺስ 'በጨርቅ ሸፍኑት' አላልሽም?»

ብያለሁ። ብዬ ነበር። ግን በምርቃቱ ቀን ጨርቁ ይነሣል መቼም! ኢልዋድ ለሰው ከፈተው፣ ለጉግል ረሳው። እኛ ስንከፍተው ስለሚከፈት ማን ልብ ይበል? ሙሽራዋ ሻሽዋን ለብሳ ጓዳ ተቀምጣ፣ እኛ ውጭ ስንጨፍር!

«ዓይን እንዳያየን ብለን» አልኳት፣ «ይኸው ሰውም አላየን። ደስ አለሽ?»

ኢልዋድ ምልክቷን አነሣት። ገጹን እንዲያየውም ለጉግል ጥያቄ ላከ። ልወጣ ስል ጸጉሩን እየነካካ፣ ቀስ ብሎ፦

«እናቴ… አንድ ነገር አለ። ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ… ፎቶ ነው።»

«ፎቶ ማለት?»

«ዲዛይኑን እንደ ባነር ሠርቼ ነው የለጠፍኩት። ጉግል ሲያየው አንድ ትልቅ ሥዕል ነው። ፊደል አያገኝም።»

«ወርቅማውስ? ቅንጡውስ? ልህቀቱስ?»

«ሥዕሉ ውስጥ ነው።»

በጮኽኩት ጩኸት አጠገቡ ያለው ፀጉር አስተካካይ ማበጠሪያውን እንደያዘ ወጣ። ባነር! ባነር ነው ያሠራሁት! ቱሪያ እጄን ይዛ አወጣችኝ። እስከ ከዚራ ባጃጁ ውስጥ ስጨቀጭቃት ሄድኩ።

ኅዳር 6

ጽሑፉን ራሴ ጻፍኩት። እንደማወራው። ቅንጡውንም ልህቀቱንም አወጣሁ፣ ለራሴም አልገባኝም ነበር እኮ። ቱሪያ መጣች፣ እንዳልተጣላን ሆና ከጎኔ ተቀመጠችና አነበበች።

«አልጋ የሚል የለውም።»

«አይኖረውም።»

«ሃሊሞ ምን ብዬ እፈልጋለሁ አለችሽ?»

«ቱሪያ! የአባቴ ቤት ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው? የትኛው ሰው? ማን አየሽና ነው ሰው የምትፈሪው? አባትሽ ተነሥቶ ቢመጣ አልጋ ይሻላል ይላል ወይስ ሲሚንቶ?»

በንዴት፣ ፊደሎቹን እየደበደብኩ ጻፍኩት፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ንጹሕ አልጋ። ለቁልቢ ለምትመጡም አልጋ አለን። ትኋን የለም። በረንዳው ነፋሻ ነው፤ ክፍል ከሞላ እዚያ ፍራሽ እናነጥፋለን እንጂ ሰው አንመልስም።»

ኢልዋድ ያለ ሥዕል፣ በፊደል ጫነው። ነፃ ነው አለ። ነፃ ባይሆን!

ኅዳር 13

ምንም። እንደገና በንዴት ጓዳውን ሁሉ አጸዳሁት። የሚጸዳ ነገር ያልቅብኛል።

ኅዳር 19

«ነፋሻው በረንዳ» ብሎ ለሚጽፍ ወጣን! ቱሪያ ደውላ ጮኸች። ግን ስማችንን የሚያውቅ ማን አለ? ስማችንን የሚያውቅማ ቤቱንም ያውቀዋል።

ኅዳር 28

ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር፣ የማላውቀው ድምፅ። ከአዳማ ነው።

«አልጋ አላችሁ? ለቁልቢ። ስልክ ላይ አይቼ ነው።»

ስልክ ላይ አይቼ ነው! ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ አባባ፣ ስለ ራይት ምልክቷ ነገርኩት። «እሺ እናቴ፣ ካርዴ እያለቀ ነው» አለና ዘጋ። ደግነቱ መልሶ ደወለ፣ ሁለት ክፍል ያዘ።

አልጋ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ቱሪያ በሳቅ ሞተች። ትሙት!

ታኅሣሥ 9

ሦስተኛው ክፍልም ተያዘ። አንዱ ቀረ። ሣህሉ ደወለ። በሃያ ሲሚንቶ አከፋፋዩ ቤቱን ሊለካ ይመጣል አለ። ሊለካ! ሦስቱ ተይዟል አልኩት፤ «ሦስት አራት አይደለም» አለኝ። ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ምላሱን የሰጠው ግን ማን ነው?

ታኅሣሥ 16

አራተኛው! የሳቢሪን አሠልጣኞች ናቸው፣ ቁልቢን ማየት ፈልገው ቶሎ መጡ። ለሣህሉ አልደወልኩም። ይምጣና ይየው።

ታኅሣሥ 18

መጣ። ሳይደውል፣ ሻንጣ ይዞ፣ ሙቀቱ ፊቱን አቅልቶት። ግቢው ውስጥ የአዳማዎቹ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ገመዱ በፎጣ ተሞልቷል፣ ቱሪያ ውኃ ታድላለች። አራቱንም በር አንኳኳ። አራቱም ውስጥ ሰው «አቤት» አለ።

«የት ነው የማርፈው?»

«ሞልቷል።»

«እፀገነት! በአባቴ ቤት አልጋ አጣሁ?»

«ቀደም ብለህ አትደውልም? ቁጥሩ ዌብሳይቱ ላይ አለ።»

ቱሪያ ጣሳውን ጥላ ሸሸች፣ ሳቋ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ። በረንዳው ላይ ፍራሽ አነጠፍኩለት። ልጅ ሆነን፣ ሙቀት ሲበረታ አባባ ያስተኛን የነበረው እዚያው ነው።

ታኅሣሥ 20

ስነሣ ፍራሹ ተጠቅልሏል። ሣህሉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ያወራል።

«…አይ፣ አይምጡ። ቤቱ ተይዟል። አዎ፣ ሰው አለበት።»

ዘጋው። መኖሬን ያወቀ ይመስለኛል፣ ዞር ግን አላለም።

«ጽሑፍሽን አነበብኩት» አለ። «በረንዳው ነፋሻ ነው ይላል።»

«አይደለም?»

«ነው።» ክንዱን አከከ። «ቢምቢ አለው ግን። እሱን አልጻፍሽም። ሰው አታታልይ።»

ተናደድኩ! ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚለኝ ይሄን ነው? መጥረጊያውን ወርውሬ ገባሁ። ተቀመጥኩ። ስልኬን አነሣሁ።

ጨመርኩት፦ «ቢምቢ አለ። አጎበርም አለ።»

ዛሬ ስንት ሰው እንዳየን አላየሁም። አንሶላ የምቀይርላቸው አሉ።