የወረቀቱ ዕድሜህ

ይድረስ ለአባዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ዓይንህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ናቸው? ያ ደረቅ ሳልስ ለቀቀህ? እኔ ናፍቆትህ ያስቸግረኛል እንጂ በጤናዬ በኩል ተመስገን ደህና ነኝ።

በጽዳት የምሠራበት ቤት ስለ እርጅና የሚመራመሩ ሐኪሞች መሥሪያ ቤት መሆኑን ነግሬህ ነበር። አዛውንቶች ይመጣሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይላሉ፣ አንዲት ሐኪም ሰዓት ይዛ ትመዘግባለች። ጥናታቸው ባሕር ተሻግሮ ይነበባል ይባላል። እኔ ዘንድ ግን ደርሶ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ወለል ስወለውል ሐኪሟ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ። አባቴ ስድሳ ስድስት፣ ታላቅ ወንድሜ ሃምሳ ስምንት አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ አባትሽ በስምንት ዓመቱ ነው ወይ የወለደው አለችኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከሠላሳ ዓመት በላይ አልቀጥርም ሲል ዕድሜህን መቀነስህን ሳስረዳት እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስገባ ሳቁ ጠፋ። አባዬ፣ እኔ እኮ የወረቀቱን ዕድሜህን አምኜው ነበር። ገና ነው፣ ይደርሳል እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሳልጠይቅህ የቀረሁት ማመኑ ስለተመቸኝ ነው። በወረቀቱ ስድሳ ሞልቶህ ጡረታ ስትወጣ፣ እኔም በደብዳቤ፣ ገና ጎረምሳ ነህ ብለን ስንቀልድብህ ሰባ አልፎህ ነበር ማለት ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የጥጥ እስር ስትሸከም። ወረቀት ቢታለል ወገብ አይታለልም።

በማግስቱ ለአባቴ የምልክለት መድኃኒት አላገኛችሁም ወይ አልኳት። ገና እየፈለጉ ነው፤ በሚሞክሩባቸው አይጦች ላይ የሠራው ለሰው መሥራቱን ገና አላወቁም። ለጊዜው በደንብ ይብላ፣ ይራመድ፣ ብቻውን አይዋል አለችኝ። እኔ ደግሞ ትልቅ ምስጢር ጠብቄ ነበር! የመጨረሻዋ ቃል ግን ከልቤ አልወጣ አለች። እማዬ ገበያ፣ ወንድሜ ሥራ ሲውሉ በረንዳ ላይ ብቻህን እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አለቃዬ ፊቱን አጠቆረብኝ፣ ሆኖም ፈረመልኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ።

እማዬን ሳምልኝ፤ የእሷን ዕድሜ ለመጠየቅ እንኳ ድፍረቱ የለኝም። ወንድሜን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ፤ የስምንት ዓመት አባት ልጅ እያላችሁ እንዳትስቁበት።

እውነተኛ ዕድሜህን በደብዳቤ አትጻፍልኝ። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ከአንተው አፍ እሰማዋለሁ። ስንትም ቢሆን አልደነግጥም ብልህ ግን ውሸቴን ነው። እስከዚያው ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ይህን የምለው ለደብዳቤ ማሳረጊያ አይደለም።

የመጨረሻ ልጅህ
ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሰኔ 3 ቀን