ታማሚዋ ኮምቦልቻ አለች

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ውሸት ነው አሉ። የአብሽ ውሃው ነገር።

ምስር እየለቀምኩ ነበር። ሬዲዮው በራሱ ይለፈልፋል፣ እኔ ግማሽ ጆሮዬን ነው የሰጠሁት። «አብሽ» ሲሉ ቀና አልኩ። አንድ ሰውዬ እየሳቀ ያወራል። አስተማሪ ነኝ ይላል። ጥናቱን የፈጠርነው እኛው ነን፣ ሦስት ሆነን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው የጻፍነው፣ ጋዜጠኞቻችን ሳያጣሩ እንደሚያወሩ ለማሳየት ነው አለ። አጥኚ የተባለው ሰው የለም። ተጠና የተባለበት ተቋም የለም። አብሽ ጠጥተው የዓይን ግፊታቸው ወረደ የተባሉት ታማሚዎችም የሉም። ጋዜጣው ጻፈው፣ ሬዲዮው አነበበው፣ አንድ ሰው እንኳ «የት ነው?» ብሎ የጠየቀን የለም አለ። «አብሽን የመረጥነውም ማንንም ስለማይጎዳ ነው።» አቅራቢዋም ሳቀች። ያኔ እኛም አንብበነው ነበር አለች፣ እየሳቀች ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ዘፈን።

የለቀምኩት ጠጠር ተመልሶ ምስሩ ላይ ተደፋ። እጄ ነው የደፋው።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ኮምቦልቻ ናት። የዓይን ግፊት አለባት። ሐኪም ጠዋትና ማታ የምታደርገው ጠብታ ሰጥቷት ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ትታዋለች። በእሱ ፈንታ በባዶ ሆዷ የአብሽ ውሃ ትጠጣለች። አብሹን ከደሴ ገዝቼ የምልክላት እኔ ነኝ።

ጎረቤቴ ዘሀራ ለቅሶዬን ሰምታ ገባች። ነገርኳት። «አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያውቃል፣ አብሽሪ» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ማጽናኛ ነው። ዛሬ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አብሽ ብቻ ነው።

«ሌላ ቃል የለሽም?» አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። ቆይቶ ገባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ መሀል ላይ ተበላሸ።

ለትርንጎ አልደወልኩም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ዛሬም አልሄድኩም። ምክንያቶቼ፦ የነነዌ ጾም ነው፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን። ጉልበቴ አሞኛል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ያዞረኛል። ልብስ ዘፍዝፌያለሁ። ሁሉም ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

ማስታወሻ መጻፍ ያስለመደችኝ ራሷ ትርንጎ ናት። በየቀኑ ጻፊ፣ እጅሽ እንዳይረሳ ብላ ነው ደብተሩን የሰጠችኝ። እንግዲያ እውነቱን እዚሁ ልጻፈው።

ኩታበር ስናድግ አባታችን ከሁለታችን አንዳችንን ነው ትምህርት ቤት የላከ። እኔ ታጭቼ ነበር፣ እሷ ገና ልጅ ነበረች። እሷ አስተማሪ ሆነች፣ እኔ የሰው ሚስት ሆንኩ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ታነብልኛለች። ቀበሌ ስጠራ አብራኝ ትሄዳለች። በአውራ ጣቴ ስፈርም ቀለሙን በመሐረቧ ትጠርግልኛለች። ያን መሐረብ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ፣ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲያ፣ ኮምቦልቻ ወሰደችኝና የጓዳዋ በር ላይ በጠመኔ ሀ ሁ ጻፈችልኝ። አንድ ክረምት ሙሉ። ስሳሳት አትስቅም። እኔ ግን ልትስቅ ነው እያልኩ ፊቷን አይ ነበር።

ከዚያ የሷ ዓይን ደከመ። ጋዜጣ ማንበብ አቃታት። ተራው የእኔ ሆነ። እየተንተባተብኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት። መስከረም ላይ አንድ ቀን ያን የአብሽ ወሬ አነበብኩላት። «ጥናት አረጋገጠ» ይላል። እኔ ጥናት የሚለውን ቃል የማውቀው ከለቅሶ ቤት ነው። ባሌ የሞተ ጊዜ የመጣው ሰው ሁሉ «ጥናቱን ይስጥሽ» እያለ ነበር የሚወጣው። ለእኔ ጥናትን የሚሰጥ እግዜር ነው። ሦስት ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ይሠራዋል ብዬ እንዴት ላስብ?

ትርንጎ ግን ጠየቀች። «እትዬ፣ ማን ነው ያጠናው? እስቲ ሐኪሜን ላማክረው» አለችኝ።

ተቆጣሁ። «እኔ ስላነበብኩት አይደል ያላመንሽው? አንቺ ብታነቢው ኖሮ እውነት ይሆን ነበር» አልኳት።

በማግሥቱ አብሹን ዘፈዘፈች።

ይህንንም ልጻፈው፣ ማንም አያየውም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ለዓይኗ ብቻ አይደለም ደስ ያለኝ። አንድ ነገር እኔ አውቄ እሷ ሳታውቅ በመቅረቷ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ደስታ ይህ ነበር።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጣቢያው ጠዋት የአድማጮች ሰዓት አለው። ቁጥሩን ሲናገሩ ራሴ ጻፍኩት፣ አንድም አልሳትኩም። ደወልኩ። ተይዟል። ደወልኩ። ተይዟል። ብዙ ከሞከርኩ በኋላ ተነሣ።

«ሃሎ፣ ማን እንበል? ከየት?»

«በላይነሽ ነኝ፣ ከደሴ።»

«እማማ በላይነሽ፣ እንኳን ደህና መጡ! የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱልን።»

አልቀነስኩም። የት እንደሚቀነስ ከድንጋጤዬ የተነሣ ጠፋኝ። የራሴ ድምፅ ከኋላዬ እየጮኸ ይከተለኛል።

«ስለ አብሹ ነው» አልኩ።

«ውይ፣ እርስዎም ጠጥተው ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ታማሚዎቹ የሉም ብላችኋል። አንዷ አለች። ኮምቦልቻ አለች። ጠብታዋን ትታ አብሻችሁን ጠጥታለች። አንብቤ ያሳመንኳት እኔ ነኝ። የት ነው ብሎ የጠየቀን የለም አላችሁ አይደል? አድራሻዋን ልንገራችሁ?»

የእኔ ድምፅ ከኋላዬ «ልንገራችሁ» አለ። ከዚያ ልጅቷ መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ አዘጋጆቻችን መልሰው ይደውሉልዎታል አለች። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ከሰዓት ተቀመጥኩ። የደወለ የለም።

አብሽ ማንንም አይጎዳም አለ ሰውዬው። ልክ ነው። አብሽ ምን አደረገ? የጎዳት የጠጣችው አይደለም፣ የተወችው ነው። ይህን ለማሰብ ስንተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል? ጋዜጠኛን ሊያሳፍሩ ነው የተነሡት። ጋዜጠኛዋ ስትስቅ በጆሮዬ ሰማኋት። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጭጋግ ነበር፣ ሾፌሩ ቀስ ሲል ደስ አለኝ፣ ባይደርስም ግድ የለኝም። የምላትን ስደረድር ሄድኩ። መጀመሪያ ሰላምታ። ከዚያ ወሬውን። ከዚያ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን። ይህን ሁሉ ቆሜ እንጂ ተቀምጬ አልናገርም።

ትርንጎ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ የላትም፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እግሬን ስትሰማ ገና ሳልናገር፣

«መጣሽ እትዬ? ትላንት ሬዲዮሽን ቀንሺ ሲሉሽ ለምን አልቀነስሽም? አደነቆርሽን እኮ» አለችኝ።

የበረንዳውን ቋሚ ያዝኩ። ሰምታኛለች። ለእሷ መንገር ሁለት ቀን የፈራሁትን ለአገር ሁሉ ነገርኩ፣ እሷም እንደ ማንኛውም አድማጭ ከሬዲዮ ሰማችው። ሰዎቹ ካደረጉት የእኔ በምን ተሻለ?

«አልተቆጣሽም?» አልኳት።

«ምን ብዬ እቆጣለሁ። አንቺ ምን ታደርጊ። ግቢ፣ ምሳ በልተሻል?»

ይህን ደግነት አልቻልኩትም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ስታናግረኝ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች፣ የምታየው ግን ከትከሻዬ አለፍ ብሎ ነው። ባለፈው ስመጣ እንዲህ አልነበረም? ወይስ ነበር፣ እኔ ነኝ ማየት ያልፈለግሁት? ሻዩን ስትቀዳ ጣቷን ስኒው ውስጥ አግብታ ነው ልኩን ያወቀችው። ይህንንም ለምዳዋለች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይለምድም።

ነገ ደሴ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ልብሷን እኔ አጠፍኩላት። አልከለከለችኝም።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። አገጯን መሣሪያ ላይ አስደግፎ ብዙ አያት። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል አስገቧት። እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ ነገር ፊት አስቀመጧት፣ አንድ ዓይኗን ሸፈኑ፣ ቁልፍ አስያዟት። «ብርሃን በታየዎት ቁጥር ይጫኑ፣ ማዘር» አሏት።

እኔ ጥግ ላይ ቆምኩ። ብርሃኑ ከቆምኩበት አይታይም። አውራ ጣቷ ግን ይታየኛል። በቀኝ ዓይኗ ጠቅ። ጠቅ። ቆየት ብሎ ጠቅ። ወደ ግራው ሲያዞሩት ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ። ጠበቅሁ። እሷም ጠበቀች።

«ጀመረ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ጀምሮ ነበር።

ሐኪሙ የነገረን፦ ግራው አልፏል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ቀኙ መሀል ላይ ትንሽ ቀርቶታል፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ጠብታው አንድም ቀን ካልተቋረጠ ያ ይቆይላት ይሆናል። ይሆናል ነው ያለው፣ ይቆያል አላለም።

«ጠብታውን ግን ለምን አቋረጡ ማዘር?»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«ረሳሁት» አለች ትርንጎ። «እርጅና ነው ዶክተር።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል? ዓይን እኮ ነው» አላት። በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን ነው። እሷ ግን አንገቷን ደፋች። ስንቱን ልጅ ያስተማረች ሴት የቤት ሥራ እንዳልሠራ ልጅ ተገሠጸች። ወንበሬ ከወንበሯ ጋር ተጣብቋል። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ስንወጣ ደረጃውን እኔ እየመራሁ አወረድኳት። ቤቴ አመጣኋት፣ እዚሁ ደሴ ትቆያለች።

እስከ ዛሬ ያጠፋሁት ባለማወቅ ነው እያልኩ ነበር። የዛሬው ዝምታ ባለማወቅ አይደለም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከቁርስ በኋላ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና የቆረጥኩትን ነገርኳት። «ማርያምን፣ ከእንግዲህ ፊደል አላይም። ጋዜጣም አልይዝም፣ ደብተሩንም አቃጥለዋለሁ። በስተርጅና የለመድኩት ነገር ለበጎ አልሆነም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ደስ ይላታል ብዬም አስቤ ነበር መሰለኝ።

«ምን አልሽ?» አለች።

ደገምኩት።

ተነሣች። እንዲህ ስትጮህ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

«አሳወርሽኝ! እሺ፣ አሳወርሽኝ! አሁን ደግሞ የምታነብልኝን ልትነሺኝ ነው? ማን ያንብብልኝ? ግድግዳው? አንቺ ንስሐ እንድትገቢ እኔ ሁለት ጊዜ ይጨልምብኝ?»

«እትዬ» የለም። በዕድሜዬ ያለ «እትዬ» አናግራኝ አታውቅም።

«ትላንት ለምን ዝም አልሽ? እ? ረሳሁት ያልኩት አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ውሸቴን ታፈርሺዋለሽ ብዬ ነው! ስጠብቅሽ ነበር። አንዲት ቃል! ለሬዲዮ የተናገርሽውን እኔ ባለሁበት ተናግረሽ ቢሆን!»

ከግድግዳው ማዶ የዘሀራ ሳል ተሰማ።

«ዘሀራ፣ እንዳትገቢ!» ብላ ጮኸችባት።

«አልገባም፣ ወላሂ አልገባም!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አልልሽም። ዛሬ አልልሽም።» ቁጭ አለች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ አስደገፈች። «ጠብታው ሰዓቱ ደርሷል። ነይ አድርጊልኝ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጯ ላይ ፈሰሰ። «አባከንሽው» አለች። ሁለተኛው ገባ። ሐኪሙ እንዳሳያት ዓይኗን ጨፍና ጥጉን በጣቷ ጫን አድርጋ ቆየች። እኔም ብልቃጡን ይዤ እስክትከፍተው ቆምኩ።

ስትከፍተው ምን እንደታያት አልጠየቅሁም። እሷም አልነገረችኝም።

አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም ብላለች። አልተኛችም፣ አኩርፋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ «ምሳ በልተሻል?» ስትለኝ የነበረችው ሴት እንግዳ ሆናብኝ ነበር፣ እንግዳን ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አይቻልም። ይህችን የምታኮርፈዋን ግን አውቃታለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እህል ቀመስኩ።

ይኸው ጠራችኝ። ሳትዞር ነው። «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጋቢውን አልብሺኝ» ትላለች። ልነሣ።