የሼህ ይማም የጉልበት ኪኒን

ጥቅምት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ቁርአን የሚያስተምሩት ጎረቤቴ ሼህ ይማም ኩላሊታቸው ተጎድቷል።

ትናንት ለምርመራ ወስጃቸው፣ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው ሳሉ ሐኪሙ ነገረኝ። "የጎዳቸው ለጉልበት ሕመማቸው የሚውጡት ኪኒን ነው፤ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ንገራቸው" አለኝ። ኪኒኑን ያስለመድኳቸው እኔ፣ የትምህርት ቤት መምህሩ ጎረቤታቸው ነኝ። መጀመሪያ እህቴ ከጅዳ የላከችውን ሰጠኋቸው፤ ሲያልቅ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ እየገዛሁ ዓመት ሙሉ አቀረብኩላቸው።

ጠዋት ሬዲዮ ሰማሁ። መድኃኒት ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምር፣ የተለመደው ምርመራ ሳያገኘው በፊት፣ ሽንት ውስጥ እያበራ የሚጠቁም ነገር ተመራማሪዎች እየሠሩ ነው አለ። ይህ በጊዜው ቢኖር ኖሮ ብዬ ልጽናና ነበር። ግን እግራቸው አብጦ ጫማቸው እምቢ ሲላቸው በሰኔ አይቻለሁ። አይቼም ገዛሁ። ኪኒኑን ባመጣሁ ቁጥር የሚያደርጉልኝ ዱዓ ጥሞኝ ነበር።

ዛሬ ልነግራቸው ገባሁ።

"አንተ መምህር፣ ኪኒኔስ? ያለ እሷ ስሰግድ ሱጁድ ወርጄ የምነሳ መሰለህ? የማስቀራቸው ደረሶቼ ይስቁብኛል" አሉኝ።

"እሺ አባባ፣ አሁን አመጣለሁ" አልኩ።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ሳልናገር አንድ ፓኮ አወጣ።

"ለሼሁ ነው አይደል? አላህ ይስጥህ፣ ከልጅ በላይ ሆንክላቸው።"

ፓኮውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።